ቁስሉ መግል ያዘ ማለት ሰውነት ተሸነፈ ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ከአምስት ቀን በፊት ጣሪያ ሲያድስ ቆርቆሮ ቅልጥሙን ቆረጠው። ደሙ እንዲቆም ቡና ነሰነስንበት። በማግስቱ ጎረቤቴ የአምፒሲሊን ካፕሱል ከፍታችሁ ዱቄቱን አድርጉበት አለችን፣ አደረግን። በሦስተኛው ቀን አመረቀዘ። አሁን መግል ይዟል፣ ዙሪያው አብጦ ይሞቃል፣ ብሽሽቱ ላይም ንፍፊት ወጥቷል። ትናንት ማታ ብርድ ብርድ አለው። እሱ ‹መርዙ እየወጣ ነው፣ ተዪው› ይላል። እናቱ ደግሞ ሰውነቱ መከላከል አቅቶት ነው ይላሉ። እኔ ኢሚዩኒቲ ይጨምራል የተባለ ቫይታሚን ገዝቻለሁ። ለእብጠቱ ዳይክሎፌናክ ልስጠው? ዝገቱስ ቴታነስ ያመጣል?»

ባለቤትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ነገ አይበሉ። ንፍፊትና ብርድ ብርድ ማለት አንድ ላይ ከመጡ ነገሩ ከቁስሉ አፍ አልፎ ሄዷል። ሄደው ሲመለሱ የቀረውን ያንብቡ። ምክንያቱን ማወቅ ለሚቀጥለው ቁስል ይጠቅማልና ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ባለቤትዎም አማትዎም ልክ አይደሉም። መግል መርዝ አይደለም። ሰውነት መሸነፉን የሚያሳይ ምልክትም አይደለም። መግል በአብዛኛው የራሳቸው የባለቤትዎ ነጭ የደም ሕዋሳት ሬሳ ነው።

ይህን በዓይኔ ስላየሁት ነው በድፍረት የምናገረው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከቁስል በጥጥ ጫፍ ትንሽ መግል ወስደን መስታወት ላይ እንቀባለን። ሲደርቅ ቀለም እናፈስበትና እናጥበዋለን። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ስናይ ሜዳው በሮዝ ሕዋሳት ተሞልቷል። የእያንዳንዳቸው አስኳል ሦስት አራት ቦታ ተከፋፍሎ፣ በቀጭን ክር እንደተያያዘ ዶቃ ይመስላል። እነዚህ ኒውትሮፊል ይባላሉ። ብዙዎቹ ተፈረካክሰዋል። ሳይፈርሱ የቀሩት ሆድ ውስጥ ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ይታያሉ። የተዋጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እንዲህ የሚሰበሰበው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ከዘለላ የመጣ ነው። አንድ ጠብታ ውስጥ ስንቱ ሲበላና ሲሞት እንደቆየ ያየ ሰው «መከላከል አቅቶት ነው» ለማለት አፉን አይሞላም።

እንግዲህ ቆርቆሮው ቆዳውን ከቀደደበት ደቂቃ እንጀምር። ቆዳ ሳይቀደድ ጥሩ አጥር ነው። ላይኛው ሽፋን ደረቅ ነው፣ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችንም ያመነጫል። ላዩ ላይ የሚኖሩ ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎችም ቦታውን ለመጤው አይለቁም። ሲቀደድ ግን በብረቱ ላይ የነበረው፣ በቆዳው ላይ የነበረው፣ አቧራውም ጭምር ወደ ውስጥ ይገባል።

ቆዳ ሥር ግን ቀድመው የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ። ማክሮፌጅ ይባላሉ። እነዚህ የመጣውን ባክቴሪያ በስሙ አያውቁትም፤ ከዚህ በፊት አይተውትም አያውቁ ይሆናል። የሚያውቁት የባክቴሪያን ወገን ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ከሰው ሕዋስ ጋር የማይመሳሰል ነገር አለው፤ ማክሮፌጁ ላዩ ላይ ባሉት ተቀባዮች ያንን ይዳስሳል። ቶል የሚባሉት ተቀባዮች በዚህ ሥራ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የታወቀው በ1990ዎቹ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለዚህ ግኝት ተመራማሪዎቹ ጁልስ ሆፍማንና ብሩስ ቢውትለር በ2011 ከኖቤል ሽልማቱ ተካፍለዋል። ተቀባዮቹ ስንወለድ አብረውን የመጡ እንጂ በኋላ የተማርናቸው ስላልሆኑ ነው ይህ መከላከያ ተፈጥሯዊ የሚባለው። የሚሠራውም በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ነው። ጠላቱን ለይቶ የሚማረውና የሚያስታውሰው ሌላው ክፍል፣ ክትባት የሚያሠለጥነው ማለት ነው፣ አዲስ ባክቴሪያ ሲገጥመው ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚሸፍነው ይህ ተፈጥሯዊው ነው።

ማክሮፌጁ እንደነቃ ኬሚካል ይረጫል። በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቦታው የሚሞቀውና የሚቀላው ለዚህ ነው። የሥሮቹ ግድግዳ ይላላና ፈሳሽ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እብጠቱ ይህ ነው። የነርቭ ጫፎች ይቆጣሉ፣ ሕመሙ ይመጣል። የወጣው ፈሳሽ ውኃ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው ላይ የሚለጠፉ ፕሮቲኖች አብረው ይመጣሉ። የተለጠፈበት ባክቴሪያ ለመዋጥ ይቀላል።

አሁን ኒውትሮፊሎቹ ይመጣሉ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከ50 እስከ 70 በመቶው እነሱ ናቸው። መቅኔ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጉትን ያመርታል። ደም ሥር ውስጥ እየፈሰሱ ሳለ ቁስሉ አጠገብ ሲደርሱ ግድግዳው ይይዛቸዋል። ይንከባለላሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ከዚያም በሁለት ሕዋስ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ሰውነታቸውን አቅጥነው ይሾልካሉ።

ሐረር ያደረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጅቦቹ ማታ ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። በጀጎል ግንብ ሥር ባለችው ቀዳዳ ሾልከው ይገባሉ። በየመንገዱ የተጣለውን ጠርገው በልተው ይመለሳሉ። ኒውትሮፊልም እንደዚያው ነው፤ ባክቴሪያው የሚያንጠባጥበውንና የቆሰለው ሥጋ የሚለቀውን ኬሚካል ተከትሎ ይሄዳል። አብዛኛው ግን አይመለስም። በልቶ እዚያው ይሞታል።

ሲበላ ደግሞ እንዲህ ነው። ባክቴሪያውን ከቦ ይውጠዋል። ከዚያ ኦክስጅን ወስዶ መጀመሪያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ቀጥሎም በረኪና ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ኬሚካል እዚያው ሆዱ ውስጥ ይሠራል። ባክቴሪያው የሚሞተው በዚያ ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ አረንጓዴ ነው፤ መግል ወደ አረንጓዴ የሚያደላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንዳንዱ ኒውትሮፊል የራሱን የዘር ክር (ዲኤንኤ) እንደ መረብ ዘርግቶ ባክቴሪያውን ይተበትበዋል፤ ይህ በ2004 ነው የታወቀው።

ለዚህ ሁሉ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ኦክስጅን የሚመጣው በደም ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ይህ ሥራ ዋጋ አለው። ያ በረኪና የመሰለ ነገር ባክቴሪያውን ብቻ አይነካም፤ ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሌሎች ማክሮፌጆች ከደም መጥተው ሬሳውን ይለቅማሉ፣ ባክቴሪያው ካለቀም ሥራቸውን ቀይረው አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያዛሉ። ቁስል በጤናው ሲድን በሦስተኛው ቀን ገደማ ሕመሙና እብጠቱ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። የባለቤትዎ ቁስል በሦስተኛው ቀን መቀነስ ሲገባው ባሰበት። ያን ዕለት ሐኪም ቢያየው ነበር የሚሻለው።

ይህ የመዋጥ ሥራ መከላከያ መሆኑን መጀመሪያ የተረዳው የእንስሳት ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። በ1882 ጣሊያን አገር መሲና ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ወስዶ ገና ያላደገ፣ ሰውነቱ እንደ መስታወት የሚያሳይ የባሕር ኮከብ ላይ ወጋ። በማግስቱ ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውታል። በ1908 ኖቤል አገኘበት። ሁላችንም የግራር እሾህ እግራችን ውስጥ ቀርቶ ሲመግል አይተናል። እሱ ግን ያንን ያየበት ዓይን ሌላ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ለምን ይመረቅዛል? ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይበላም። ስታፊሎኮከስ አውሬስ ኒውትሮፊልን የሚበሳ መርዝ አለው፤ ዙሪያውን ደም አርግቶም ይደበቃል። ሌላው፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ በሥጋ መካከል ያለውን ማጣበቂያ እያሟሟ ቆዳ ሥር ይስፋፋል። መግሉ ትንሽ፣ መስፋፋቱ ግን ፈጣን ሲሆን ብዙ ጊዜ እሱን እንጠረጥራለን። ሁለቱም ቢሆኑ ግን ንጹሕና ደም በደንብ የሚደርሰው ቁስል ላይ ብዙ ርቀት አይሄዱም። ብዙ ጊዜ ሰውነትን የሚያሸንፈው የባክቴሪያው ብርታት ሳይሆን ቁስሉ ውስጥ የቀረው ቆሻሻና የሞተ ሥጋ ነው። የሞተ ሥጋ ደም ሥር የለውም። ደም በሌለበት ኒውትሮፊል አይደርስም፣ ኦክስጅንም የለም። የዋጡትም የኪኒን መድኃኒት አይደርስም።

ቡናውና ዱቄቱ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ቡና ደም ያቆመ ይመስላል፣ ምክንያቱም ዱቄት ሁሉ ደም ይመጥጣል። ግን ቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር ሆኖ ይቀራል። ባክቴሪያ ይሸሸግበታል፣ ኒውትሮፊሉም ቡናውን ሲዳስስ ጊዜውን ይጨርሳል። የካፕሱሉ ዱቄት ደግሞ ለቁስል የተሠራ አይደለም። ከመግሉ ጋር ይጋገርና ቅርፊት ይሠራል፣ ሥሩ መግል ይታፈናል። ከዚያ በላይ ደግሞ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ አውሬስ አምፒሲሊንን የሚበጥስ ኢንዛይም አለው። ስለዚህ ያ ዱቄት ቢዋጥም ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ጎረቤትዎ በቅንነት ነው የነገሩዎት፣ አይቆጡባቸው። ይህን ጽሑፍ ግን ያስነብቧቸው።

ንፍፊቱን በተመለከተ፣ ከቁስሉ የወጣው ፈሳሽ ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በብሽሽት ባሉት እጢዎች ያልፋል። እዚያ ይጣራል። ያበጠው ሥራ ስለበዛበት ነው፣ በራሱ ክፉ አይደለም። አይሹት፣ በጋለ ነገር አይተኩሱት። ብርዱ ደግሞ የትኩሳት መግቢያ ነው። ከቁስሉ የወጡት ኬሚካሎች አንጎል ደርሰው የሰውነትን ሙቀት መለኪያ ከፍ አድርገውታል። ሰውነቱ «ገና አልሞቅሁም» ብሎ ይንቀጠቀጣል። ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ብርድ ልብስ የሚጠይቅ ቁስለኛ ካለ ቀልድ አይደለም። መከላከያው ከሰፈር አልፎ አገር ሙሉ እየጠራ ነው ማለት ነው።

ዳይክሎፌናክ አይስጧቸው። እብጠቱን የሚያመጣውን መንገድ በከፊል ይዘጋል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። ሕመሙንና ትኩሳቱን ስለሚሸፍን ሐኪሙም እርስዎም ነገሩ መባሱን በጊዜ አታዩም። ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል፤ ላብ ያደረቀው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ ማድረግም እብጠቱን ይቀንሰዋል።

ቫይታሚኑ ላይ ያወጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል። በደንብ ለሚበላ ሰው መከላከያን «የሚጨምር» ኪኒን የለም። ሰውነታቸው ሲጀመር አልደከመም፤ መግሉን ያመጣው ምን ሆነና። ኒውትሮፊል ለማምረት ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት ይስጧቸው። የሚቅሙ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን ቢተዉት ጥሩ ነው፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ እራት ሳይበሉ ያድራሉ። ሲጋራ ደግሞ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ኦክስጅን ነው የሚቀንሰው፤ የደም ሥር ያጠባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። በአገራችን ብዙ ጤነኛ ሰው የኒውትሮፊል ቁጥሩ የውጭ አገር መለኪያ ላይ ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዘር የመጣ ነው፣ በሽታ አይደለም። የደም ውጤት ወረቀት ላይ ቀስት ወደ ታች አይታችሁ «ኢሚዩኒቲዬ ወርዷል» ብላችሁ አትደንግጡ።

ከቫይታሚኑ ይልቅ ስኳራቸው ይለካ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ማስቀረት ቢኖርብኝ ይህንን አስቀር ነበር። ስኳር ከፍ ሲል ኒውትሮፊል ሽታውን ተከትሎ መሄዱም፣ መዋጡም፣ መግደሉም ይዳከማል። የእግር ደም ሥር ይጠባል፣ ነርቭ ይደነዝዛል፣ ሰውየው ሕመሙን እንኳ በደንብ አይሰማም። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስንቱ የታወቀለት እንዲህ አልድን ባለ ቁስል ነው። ጣት ተወግቶ በደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ እርስዎ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዝገቱ። ዝገት ቴታነስ አያመጣም። የቴታነስ ባክቴሪያ ዘር የሚኖረው አፈርና የከብት እበት ውስጥ ነው። የዛገ ብረት ብዙ ጊዜ አፈር ነክቶታል፣ ቁስሉም ጥልቅ ይሆናል፣ ሰው ሁለቱን ያያያዘው ለዚህ ነው። አዲስ ቆርቆሮም፣ እሾህም፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ጠርሙስም አፈር ከነካው እኩል ሊያመጣው ይችላል። እዚህ ላይ እስካሁን ያመሰገንኩት ተፈጥሯዊ መከላከያ አይደርስም። በሽታው የሚመጣው በባክቴሪያው ሳይሆን በሚረጨው መርዝ ነው። መርዙ እጅግ ጥቂት ሆኖ ይገድላል፤ ሰውነትም ሳይማረው ሰውየውን ይጨርሳል። ሰውነትን አስቀድሞ የሚያስተምረው ክትባት ብቻ ነው። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው። ሴቶች ቢያንስ በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ። በባለቤትዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ግን አንድም ጊዜ ሳይከተብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተጎዱ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ አምስት ቀን አለፈ ብለው አይተዉት። ክትባት ወስደው እንደማያውቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከክትባቱ ሌላ መርዙን የሚያከሽፍ መርፌም ሊያስፈልግ ይችላል።

ሐኪም ቤት ምን ይሠራላቸዋል? ቁስሉ ተከፍቶ ይታጠባል። ቡናውና ቅርፊቱ ይወጣል፣ የሞተው ሥጋ ይቆረጣል። የታፈነ መግል ካለ ተቀዶ ይፈሳል። ያማል፣ ግን ከኪኒኑ ይበልጥ የሚያድናቸው ይህ ነው። «ለምን አይሰፋም?» ብለው አይጨቃጨቁ። ያመረቀዘ ቁስል ከተሰፋ መግሉ ይታፈናል፣ ክፍቱን ከሥሩ እየሞላ መዳን አለበት። ትኩሳትና መስፋፋት ስላለ አንቲባዮቲክ መታዘዙ አይቀርም። ምርጫውን ለሐኪሙ ይተዉ። የታዘዘውን ግን እስከ መጨረሻው ይጨርሱት፣ የተረፈውን ለጎረቤት አያካፍሉ።

ቤት ውስጥ ቁስሉን በሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ማጠብ ይበቃል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ የሚያድነውን አዲስ ሥጋም ይገድላል። መግሉን በጣት አይጭመቁት፣ ወደ ውስጥ ይገባል። በድሬ ሙቀት ፋሻ ቶሎ በላብ ይርሳል፤ የራሰ ፋሻ ለባክቴሪያ ምቹ ነውና በራሰ ቁጥር ይቀየር። ዝንብ እንዳያርፍበት ተብሎ ደግሞ በላስቲክ አይጠቅለል። ለሚቀጥለው ቁስል ደግሞ፣ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ለ10 ደቂቃ ሳያነሱ መያዝ፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ። ቡናው ለጀበና ይቅር።

አንዳንድ ነገር ካዩ ግን ጤና ጣቢያ ተራ መጠበቅ አይገባም፤ ሌሊትም ቢሆን በባጃጅ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቁስሉ ከሚመስለው በላይ ኃይለኛ ሕመም፣ ቆዳው ላይ ውኃ የቋጠረ ወይም የጠቆረ ነገር፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ እብጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ንግግር መዘባረቅ፣ ሽንት መቀነስ፣ መንጋጋ መጥበቅ። እነዚህ ላይ ሰዓት ዋጋ አለው።

መስፋፋቱን የሚከታተሉበት ቀላል ዘዴ ልንገርዎ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ሁልጊዜ ጎልቶ አይታይም። የተቆጣው ቦታ ጠቆር ይላል፣ ይወጠራል፣ ያብረቀርቃል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይመኑ። በእጅዎ ጀርባ ከጤነኛው ቦታ ጀምረው ወደ ቁስሉ ይዳስሱ። ሙቀቱ በሚጀምርበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር ያስምሩ፣ ሰዓቱንም አጠገቡ ይጻፉ። አሁን ከመሄድዎ በፊት ያስምሩት፣ ለሐኪሙም ያሳዩት። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ጠዋትና ማታ ይዩት። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሊያልፍ ይችላል። ከሁለት ቀን በኋላም ሙቀቱ ከመስመሩ ውጭ እየሄደ ከሆነ መድኃኒቱ አልያዘውም ወይም የታፈነ መግል አለ። ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።